ፈቃድ የሚያበቃበት ቦታ፦ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ለባሕር ዳር ነዋሪ ምን ይላል?

በባሕር ዳር የስልክ ጥገና ሱቆች ደጃፍ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም አንድ ንግግር አለ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ የያዙ እናት ቀርበው ያስረክባሉ፤ ወጣቱ ጠጋኝ ስልኩን አገላብጦ ያይና «እትዬ፣ መክፈቻ ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ ቀይሬ ስጨርስ ታቹ መሥራቱን እሞክረዋለሁ» ይላቸዋል። እሳቸውም ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው አራቱን ቁጥር ዝቅ ባለ ድምፅ ይነግሩትና «እንግዲያ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ» ብለው ይሄዳሉ። እስኪመለሱ ድረስ ስልኩ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። የቤተሰቡ ፎቶ፣ የቴሌግራም መልእክቱ፣ የቴሌብሩና የባንኩ መተግበሪያ፣ ልጃቸው ከውጭ አገር የላከችላቸው የድምፅ መልእክት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ጠጋኙ ታቹን ሞክሮ ስልኩን ከዘጋው ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከሞከረ በኋላ ግን ጣቱ ወደ ፎቶዎቹ ቢያመራና አንድ በአንድ ቢያያቸው፣ ምንም ባይወስድ፣ ምንም ባያጠፋ፣ ለማንም ባይልክ እንኳ፣ ወንጀል ሠርቷል ማለት ይቻላል? ይህን ጥያቄ ለተለያዩ ሰዎች አቅርቤ አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ «ነውርስ ነው፤ ወንጀል ግን አይሆንም፤ ቁጥሩን የሰጡት ራሳቸው አይደሉም እንዴ?» ብለው ይመልሳሉ። ሕጉ የሚመልሰው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው፤ ልዩነቱም የሚመጣው «ፈቃድ» ከምትባል አንዲት ቃል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ስለ ቴክኖሎጂ ብዙ ማወቅ አያስፈልገውም፤ በእያንዳንዱ ድርጊት ላይ «ማን ፈቀደ? የፈቀደውስ እስከ የት ድረስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ የሕጉን ግማሽ ይዞታል።

አስቀድሞ ሕጉ የማን እንደሆነ መግለጽ ይገባል፤ ብዙ ሰው ክልሉ በዚህ ጉዳይ የራሱ ሕግ ያለው ይመስለዋልና። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55(5) የወንጀል ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶ፣ ክልሎች የወንጀል ሕግ ማውጣት የሚችሉት በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ በግልጽ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። የኮምፒውተር ወንጀል ደግሞ በፌዴራል ሕግ የተሸፈነ ነው። መጀመሪያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 ባሉት ድንጋጌዎች ጉዳዩን በአጭሩ ነክቶት ነበር። እነዚያ አንቀጾች የተጻፉት ኮምፒውተር በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ብቻ በሚታይበት፣ ገንዘብ በስልክ ማስተላለፍ በማይታሰብበት ዘመን ስለነበር ብዙ አላራመዱም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስድስቱንም አንቀጾች ሽሮ በቦታቸው ተተካ። ስለዚህ በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በጎርጎራም ሆነ በአዲስ አበባ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው።

አዋጁ የኮምፒውተር ወንጀልን በሦስት ወገን ከፍሎ ይተረጉመዋል። አንደኛው በኮምፒውተሩ፣ በሥርዓቱ፣ በዳታው ወይም በኔትወርኩ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው፤ እዚህ ላይ ተጠቂው ራሱ መሣሪያው ወይም በውስጡ ያለው መረጃ ነው። ሁለተኛው ከድሮም የነበረ ወንጀል፣ ለምሳሌ ማታለልና ሐሰተኛ ሰነድ መፍጠር፣ በኮምፒውተር አማካኝነት ሲፈጸም ነው። ሦስተኛው ሕገወጥ ይዘትን በኮምፒውተር ማሠራጨት ነው። «ኮምፒውተር» የሚለው ቃልም በሰፊው ስለተተረጎመ በማይክሮ ቺፕ የሚሠራና ዳታን የሚያቀነባብር፣ የሚያከማች ወይም የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሁሉ ይገባበታል። የእትዬ ስልክ በዚህ ትርጉም ኮምፒውተር ነው፤ የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽንም፣ ሆቴሉ ካርድ የሚያስገባበት የክፍያ ማሽንም እንዲሁ።

ወደ ጥገና ሱቁ ልመለስ። የአዋጁ አንቀጽ 3 «ሕገወጥ ደራሽነት» የሚለውን ወንጀል ይደነግጋል። በቀላል አማርኛ ሲነገር፣ ማንም ሰው ሆነ ብሎ፣ ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ፣ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዳታ ወይም ኔትወርክ በሙሉም ሆነ በከፊል ከገባ፣ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል ማለት ነው። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

«ያለፈቃድ» ከሚለው ጎን «ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ» የሚል መጨመሩ ለተራው ሰው ሕይወት ከሁሉ የቀረበው ክፍል ይመስለኛል። እትዬ የፈቀዱት ታቹ እንዲሞከር ነው፤ ፎቶው እንዲታይ አልፈቀዱም። የቤትህን ቁልፍ ለቧንቧ ሠራተኛ ስትሰጠው ቧንቧውን እንዲሠራ ነው እንጂ ሣጥን ከፍቶ እንዲያይ አይደለም፤ ሕጉም የስልኩን ቁጥር እንደዚያ ቁልፍ ያየዋል። ቀጥሎ የሚታየው «ሆነ ብሎ» የሚለው ነው። ጠጋኙ ስልኩን ሲከፍተው ፎቶው ራሱ ተገልጦ ቢያገኘው፣ ወይም ጣቱ ሳያስበው ቢነካው፣ ወንጀል የለም፤ ዐቃቤ ሕጉ ማስረዳት ያለበት አውቆና ፈልጎ መግባቱን ነው። ሦስተኛው ነጥብ በአንቀጹ ውስጥ ያልተጻፈው ነው፤ ጉዳት መድረሱ ወይም ጥቅም መገኘቱ የወንጀሉ መሥፈርት ሆኖ አልተቀመጠም። መግባቱ ራሱ ወንጀል ነው። ገብቶ ማጥፋት፣ መለወጥ፣ ማሠራጨት ሌላ አንቀጽና ሌላ ቅጣት አለው።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ የማደንቃቸውን ወጣቶች ስለሚነካ አሳሳቢ ሆኖ አገኘዋለሁ። በከተማችን ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ከእነሱ አንዱ የአንድን ኮሌጅ የውጤት መመዝገቢያ ሥርዓት ሲመለከት ቀዳዳ ቢያገኝ፣ ቀዳዳው እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ገባ ብሎ ቢወጣ፣ ከዚያም በቅን ልቦና ለኮሌጁ ቢያሳውቅ፣ አዋጁ ለእርሱ የተለየ ከለላ አላዘጋጀለትም። እንዲያውም ሥርዓቱ የድርጅት በመሆኑ ነገሩ ይከብዳል፤ ተጠቂው ሥርዓት ለሕጋዊ ሰውነት ላለው ድርጅት አገልግሎት ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ ቅጣቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት የሚደርሰውና ለከባድ ወንጀል የሚወሰነው ነው። በእኔ አስተያየት ሕጉ ቀዳዳን ፈልጎ የሚያሳውቅን ሰው ከሌባ የሚለይ ግልጽ ቃል ቢኖረው አገሪቱ ትጠቀም ነበር። እስከዚያው ድረስ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ የማንንም ሥርዓት ከመሞከራቸው በፊት ከባለቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ ፈቃዱም እስከ የት ድረስ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት።

ሥርዓቱ አዋጁ «ቁልፍ መሠረተ ልማት» ከሚለው ወገን ከሆነ፣ ማለትም ጥቃቱ በሕዝብ ደኅንነትና በአገር ጥቅም ላይ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ፣ መግባቱ ብቻ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ50,000 እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ተመሳሳይ የደረጃ አወጣጥ፣ ከግለሰብ ወደ ድርጅት፣ ከድርጅት ወደ ቁልፍ መሠረተ ልማት እየከበደ የሚሄደው፣ በቀጣዮቹ ሦስት አንቀጾችም ይታያል። አንቀጽ 4 በመተላለፍ ላይ ያለን የግል ግንኙነት መጥለፍን፣ አንቀጽ 5 የአንድን ሥርዓት አሠራር ማወክን፣ አንቀጽ 6 ዳታን መለወጥን፣ ማጥፋትን ወይም ባለመብቱ እንዳያገኘው ማድረግን ይመለከታሉ። በወታደራዊ ጥቅም ወይም በዓለም አቀፍ ግንኙነት ምክንያት ጥብቅ ምሥጢር በተባለ ሥርዓት ላይ፣ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ ወይም በአደጋ ሥጋት ውስጥ ሳለች ሲፈጸሙ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል።

በመሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አንቀጽ 7 ቅርብ ነው። የይለፍ ቃልን፣ የምሥጢር ኮድን ወይም ወደ ሥርዓት የሚያስገባ ሌላ ቁልፍን ያለ ሥልጣን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ድርጊቱ በቸልተኝነት ቢፈጸም እንኳ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 10,000 ብር መቀጮ አለው። የምሳ ሰዓት ሲደርስ «አንቺ፣ ባለጉዳይ ከመጣ በእኔ ግቢና ጨርሺለት፤ ፓስዎርዱ ኪቦርዱ ሥር ነው» የሚባልባቸው ቢሮዎች ስንት እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ንግግሩ ከመተዛዘን የመጣ ነው፤ ባለጉዳይም እንዳይጉላላ ታስቦ ነው። ነገር ግን በዚያ ስም የተሠራ ጥፋት ሲገኝ የመጀመሪያው ተጠያቂ የስሙ ባለቤት ይሆናል፤ ወረቀቱን ኪቦርድ ሥር ማኖሩም በተጨማሪ ያስጠይቀዋል።

የፈቃድን ነገር አገር ሁሉ እንዲነጋገርበት ያደረገ አንድ ክስተት በቅርቡ ታይቷል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ባጋጠመው ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብልሽቱ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ተገልጿል። በወቅቱ ይነሣ የነበረው ክርክር «ማሽኑ እሺ ብሎ ሰጠኝ፤ ምን አጠፋሁ?» የሚል ነበር። ሰውየው በራሱ ካርድና በራሱ ቁጥር ወደ ራሱ ሒሳብ ስለገባ የአንቀጽ 3ን ሕገወጥ ደራሽነት በእርሱ ላይ ማስረዳት ቀላል አይሆንም፤ እኔም ነገሩ ለክርክር ክፍት ነው እላለሁ። ሆኖም ማሽኑ እሺ ማለቱ ባለቤቱ ፈቀደ ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2162 አለአግባብ የበለጸገ ሰው የወሰደውን እንዲመልስ ያስገድዳል። ስለዚህ የወንጀሉ ጥያቄ ቢያከራክርም ገንዘቡን የመመለስ ግዴታው አያከራክርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ማታለሉ እንለፍ፤ በጣና ዳር ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና።

ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር የወረደ ሰው ቆሮሶና አምባዛ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ያገኛል። አንድ ገዢ መጥቶ 12 ኪሎ ቆሮሶ ያስመዝናል፤ ጥሬ ብር እንዳልያዘ ይናገርና ስልኩን ይነካካል። ወዲያው በነጋዴዋ ስልክ መልእክት ይገባል፤ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምርና የገንዘቡን መጠን፣ የላኪውን ስም፣ ረጅም የግብይት ቁጥር ሳይቀር ይዘረዝራል። እጇ በዓሣ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፤ ሌሎች ገዢዎች ይጠብቃሉ። «ገባልሽ አይደል?» ይላታል። «አዎ፣ ገብቷል» ትላለች። ማታ ሒሳቧን ስታይ ግን ምንም አልገባም። መልእክቱን ረጋ ብላ ብታየው ኖሮ የመጣው ቴሌብር ከሚልክበት 127 ሳይሆን በ09 ከሚጀምር ተራ የስልክ ቁጥር መሆኑን ባስተዋለች ነበር።

በዚህች አጭር ግብይት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወንጀል ተፈጽሟል። ሐሰተኛውን የክፍያ መልእክት አዘጋጅቶ መጠቀሙ የሌላውን ጥቅም ለመጉዳት ሐሰተኛ ዳታ መፍጠርን በሚከለክለው አንቀጽ 9 ሥር ይወድቃል፤ ይህም እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። በዚያ መልእክት አሳምኖ ዓሣውን እንድትሰጠው ማድረጉ ደግሞ በአንቀጽ 10 የተደነገገው ማታለል ነው፤ አሳሳች ዳታ በማሠራጨት፣ ማንነትን አሳስቶ በመግለጽ፣ መገለጽ የሚገባውን በመደበቅ ወይም የሰውን የተሳሳተ እምነት በመጠቀም ሰው ጥቅሙን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ማድረግ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል። እዚህም ላይ የፈቃድ ጥያቄ አለ። ነጋዴዋ ዓሣውን የሰጠችው በፈቃዷ ነው፤ ነገር ግን በውሸት የተገኘ ፈቃድ ሕጉ ዘንድ ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም። «ራሷ ሰጠችኝ» የሚለው መከላከያ የማይሠራው ለዚህ ነው። ተጎጂዎችም «ጅል ሆኜ ነው» እያሉ ፖሊስ ጋ ሳይሄዱ የሚቀሩት በአብዛኛው ይህን ባለማወቃቸው ነው።

የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ገጽ ሲነጠቅ ነገሩ ተደራራቢ ይሆናል። ወደ ገዳማቱ ጎብኚ የሚያደርስ አንድ የጀልባ አስጎብኚ «የተላከልህን ኮድ በስሕተት ያንተ ቁጥር ላይ ስላስገባሁት መልሰህ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከሚያውቀው ሰው ገጽ ይደርሰዋል፤ ኮዱን ይልካል፤ ገጹ ከእጁ ይወጣል። ከዚያ በእርሱ ስም ለወዳጆቹ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ 5,000 ብር» የሚል ልመና ይሄዳል። ወደ ገጹ መግባቱ በአንቀጽ 3፣ የሰውየውን የኤሌክትሮኒክ ማንነት የሚገልጽ ዳታ መውሰዱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚያስቀጣው አንቀጽ 11፣ ወዳጆቹን ማታለሉ በአንቀጽ 10 ይታያል። እያንዳንዱ ብር የላከ ወዳጅም የራሱ አቤቱታ ያለው ተጎጂ ነው።

ሦስተኛው ወገን የይዘት ወንጀል ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ የሚመለከት የወሲብ ምስል ማዘጋጀት፣ መላክ፣ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም በአንቀጽ 12 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በዚህ ላይ ብዙ ቅን ሰዎች የሚሠሩት አደገኛ ስሕተት አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳቸው «ተመልከቱ፣ ምን ጉድ መጣ» ብለው ለሌላ ያስተላልፋሉ። ማስተላለፉ ልጁን ዳግመኛ ይጎዳል፣ አስተላላፊውንም ያስጠይቃል። ትክክለኛው መንገድ ለማንም ሳይልኩ ስልኩን ይዞ በቀጥታ ፖሊስ ጋ መሄድ ነው።

አንቀጽ 13 አዋቂዎችንም ይጠብቃል። በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በድምፅ ሰውን ወይም ቤተሰቡን ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። ስለ አንድ ሰው መረጃ እየደጋገሙ በመላክ ወይም ግንኙነቱን በመከታተል ማስጨነቅ ደግሞ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። የቀድሞ ጓደኛዋ «ገንዘብ ካልላክሽ፣ ካልተመለስሽ ፎቶሽን እለቀዋለሁ» የሚላት ሴት በአብዛኛው የምትፈራው ፎቶውን ራሷ ልካው ስለነበር ነው። እዚህም ሕጉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ ለአንድ ሰው ዓይን የተሰጠ ፈቃድ ለአገር ሁሉ ዓይን የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ ዛቻውም ፎቶው ማን ልኮት ቢሆን ዛቻ ነው። ፎቶው ገና ባይለቀቅም ማስፈራራቱ ብቻ ለአቤቱታ ይበቃል። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው በቤተሰብ ፊት ማፈር ብዙ ሴቶችን ለዛቻው እያስገበራቸው እንደሆነ ስለማምን ነው።

ስም ማጥፋት የተለየ ሥርዓት አለው፤ ክሱ የሚቀርበው ተበዳዩ ራሱ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ሲሆን፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት አቤቱታው ድርጊቱ ወይም ፈጻሚው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ጥላቻ የሚያነሣሣ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተለይተው ተደንግገዋል።

በሕጉ የይዘት ክፍል ላይ ያለኝን ሥጋት ሳልናገር ባልፍ ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም። በሕዝብ መካከል «ፍርሃት» መቀስቀስን የሚቀጣው አንቀጽ 14 ቃሉ በጣም ሰፊ ነው። አንድ ሰው ስለ ሐይቁ መበከል ወይም ስለ እምቦጭ አረም መስፋፋት የጻፈው እውነተኛ ማስጠንቀቂያም ፍርሃት ሊያሳድር ይችላል። ሐሳብን የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተጠበቀ ስለሆነ ዳኞች ሁለቱን አዛምደው ማንበብ ይኖርባቸዋል፤ ሕጉ ራሱ ጠበብ ብሎ ቢጻፍ ግን ሸክሙ በዳኛው ላይ ብቻ አይወድቅም ነበር። የግል ግንኙነትን መከታተልም እንዲሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነትን አይደፈሬነት ያረጋግጣል፤ አዋጁም በመርሕ ደረጃ ለክትትል የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ሆኖም አስቸኳይ በሆነና በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ አደጋ ሊደርስ ነው ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (መሥሪያ ቤቱ በ2014 ዓ.ም. በፍትሕ ሚኒስቴር ተተክቷል) ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈቅድና ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ተፈቅዷል። ለዜጋው «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕግ ለመንግሥት አካልም ያንኑ ጥያቄ ሳይቀንስ ሊያቀርብለት ይገባል።

ወንጀል የተፈጸመበት ሰው ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ዋናው ነገር ጊዜ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 24 መሠረት አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተደረገ የሚያሳየውን መዝገብ፣ እንዲያቆዩ የሚገደዱት ለ1 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተጎጂ መርማሪው የሚከተለውን ፈለግ አጥቶት ሊያገኝ ይችላል። ቶሎ ለመጣ ሰው ግን መርማሪው የተወሰነ ዳታ እንዳይጠፋ ለ3 ወር እንዲጠበቅ ማዘዝ፣ ትእዛዙንም አንድ ጊዜ ለተጨማሪ 3 ወር ማራዘም ይችላል።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲኬድ ስልኩን እንዳለ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በንዴት መልእክቱን ያጠፋል፣ ቁጥሩን ያግዳል፣ አንዳንዱም «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሰዋል፤ ይህ ሁሉ ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ስክሪንሾት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የገጹ ስም በማንኛውም ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል የገጹን አድራሻ፣ የላኪውን ስልክ ቁጥር፣ የገንዘቡን የግብይት ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት መጻፍ ይጠቅማል። አዋጁ የተረጋገጠ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ህትመት በማስረጃነት እንዲቀርብ ስለሚፈቅድ ከባንክ ወይም ከአገልግሎት ሰጪው ማኅተም ያለበት የሒሳብ ዝርዝር ማውጣት ተገቢ ነው። ምርመራውን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በጋራ ያካሂዱታል፤ ቴክኒካዊው ድጋፍ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ይመጣል። የተወሰደው ገንዘብ በወንጀል ፍርዱ ብቻ ተመልሶ ኪስ አይገባም፤ ካሣውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ መጠየቅ እንደሚቻል ግን በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተደንግጓል።

በመጨረሻም ክሱ የት ይሰማል ለሚለው፣ አዋጁ በአንቀጽ 40 የኮምፒውተር ወንጀልን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። ይህን ያነበበ የባሕር ዳር ሰው ለ12 ኪሎ ዓሣ አዲስ አበባ ሊመላለስ እንደሆነ አስቦ አቤቱታውን ሊተው ይችላል፤ መተው ግን የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80(2) የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ደርበው እንዲሠሩበት ስላደረገ፣ ጉዳዩ እዚሁ ባሕር ዳር በሚያስችለው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ይታያል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገንም ይግባኙን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀርባል።